ሚያዝያና ጎጃም፦ ዓባይ ሳይሞላ የተሠራ ታሪክ

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ደብረ ማርቆስ ውስጥ የታሪክ መምህር ነኝ። በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ "በዚህ ወር ምን ተፈጸመ?" የሚል ዝግጅት ጀምረናል። አሁን ተራው የሚያዝያ ነው፣ የጸደይ ወር። ልጆቹ ከኢንተርኔት ፈልገው ያመጡልኝ የታይታኒክን መስጠምና የሊንከንን መገደል ነው። መልካም ነው፤ ግን የጎጃም ልጆች የጎጃምን ሚያዝያ እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። ምን ላቅርብላቸው? ደግሞ አንዱ መጽሐፍ የሚሰጠኝን ቀን ሌላው በአንድ ቀን ያዛንፍብኛል። የትኛውን ልያዝ?»

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ከልቤ ደስ ይለኛል። መልሱ ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ።

መጀመሪያ ጸደይ ያሉትን ልደግፍ። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አከፋፈል ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ሚያዝያ ከነሙሉ ቀኑ እዚያ ውስጥ ይወድቃል። መስከረምን ጸደይ የሚል ተማሪ ካለም አይቆጡት፤ ብዙ ሰው እንዲያ ይላል። ለዝግጅታችሁ ግን የመጀመሪያውን መያዝ ይሻላል። ለምን እንደሆነ ከታች ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ሚያዝያ 6 ይህ ሆነ፣ ሚያዝያ 27 ያ ሆነ» ብሎ መደርደር ቀላል ነው። ልጆቹም ይሰሙና ይረሱታል። እኔ ብሆን አስቀድሜ አንድ ጥያቄ እጠይቃቸው ነበር። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ይህን ያህል ጦርነት፣ ይህን ያህል የነገሥታት ጉዞ የተከማቸው ለምንድን ነው? ነሐሴ ላይ ለምን የለም?

መልሱ ዓባይ ነው። ጎጃምን በካርታ አሳዩአቸው። ዓባይ ከጣና ይወጣል፣ በምሥራቅ ይወርዳል፣ በደቡብ ይዞራል፣ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ጎጃም መሐሉ ላይ ነው። ድልድይ በጥንት ዘመን እንደ ጢስ ዓባዩ ያለ ጥቂት ቦታ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ በመልካ መሻገር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ጦር ይዞ ዓባይን መሻገር የሚታሰብ አልነበረም። ወንዙ ከዓመት እስከ ዓመት በጣም የሚያንሰው መቼ ነው? ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ።

በዚህ ላይ ዘማቹ ራሱ ገበሬ ነው። እህሉን ታኅሣሥና ጥር ላይ አስገብቷል፤ ስንቅ አለው። ሰኔ ሲብት ግን በሬዎቹን ጠምዶ እርሻው ላይ ካልተገኘ የከርሞው ጎተራ ባዶ ነው። ስለዚህ ንጉሥም ሆነ ራስ፣ ኋላም የውጭ ጄኔራል፣ ሚያዝያ ላይ ሲደርስ ሐሳቡ አንድ ነው። ክረምቱ ሳይገባ መጨረስ አለበት።

ይህን ከያዙ በኋላ ቀኖቹ በራሳቸው ትርጉም ይሰጣሉ። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር በ1860 ዓ.ም. በጋ ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወርዶ መቅደላ የደረሰው ሚያዝያ መጀመሪያ ነው። ሰኔ ላይ ጦሩ ከአገር ወጥቷል። የጣልያኑ የጦር መሪ ባዶሊዮ በ1928 ደሴን ሚያዝያ 7 ያዘ። ከዚያ ሚያዝያ 18 በመኪና ሰልፍ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተቆርጦ ቢጠብቀውም ጠግኖ አለፈ። የሚያዋክበው ዝናቡ ነበር። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው የ1933 ታሪክ አለ። በሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሚያዝያ 27 ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው አዲስ አበባን ነው። አራት ኪሎ፣ የድል ሐውልቱ፣ የአርበኞቹ ሰልፍ። የደብረ ማርቆስ ልጅም በቴሌቪዥን አይቶ «የነሱ በዓል ነው» ሊል ይችላል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት የተመለሱበት ጉዞ ያለፈው በጎጃም ውስጥ ነው። ያ ሚያዝያ አብዛኛው ያለፈው ደብረ ማርቆስ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1930 ጀምሮ በጎጃም ገጠር የሚያዝዘው አርበኛው ነበር። ጣልያን ከምሽጎቹ ብዙ ርቆ አይሄድም። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ በምሥራቅ ኃይሉ በለው፣ ቢቸና ላይ አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጦርና አገር ነበራቸው። እርስ በርስም ሁልጊዜ አይስማሙም ነበር። ይህን ለልጆቹ አይደብቁባቸው። አንድነቱ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን በድርድር የመጣ ነው። ነሐሴ 1932 ላይ ኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚመራው «ተልእኮ 101» ከሱዳን ወደ ጎጃም ገባ። ሳንድፎርድ በኢትዮጵያ ለዓመታት የኖረ ሰው ነው። ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ መንገሻንና ነጋሽን አስማምቶ በአንድ በኩል እንዲቆሙ ማድረግ ነበር።

ከዚያ ጥር 12 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻገሩ። ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ። ከዚያ ወደ በላያ ተራራ፣ ከበላያ ወደ ደጋው ጎጃም። መንገዱ ቆላና በረሃ ነው፤ ጭነቱ በግመል ነበር። ከሱዳን ከተነሡት ወደ 15,000 የሚጠጉ ግመሎች አብዛኞቹ መንገድ ላይ አለቁ። ጦሩን የሚመራው የእንግሊዝ መኮንኑ ኦርድ ዊንጌት ነው። ስሙን «የጌዴዎን ጦር» አለው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ በ300 ሰው ብዙ ሠራዊት ባሸነፈው መስፍን። በቁጥር ከጣልያኑ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። የሚዋጋው በሌሊት ወረራ፣ በወሬና ብዙ መስሎ በመታየት ነበር። ዙሪያውን የያዘው አርበኛ ባይኖር ኖሮ ያ ዘዴ አንድ ሳምንትም አይቆይም።

ጣልያን የካቲት መጨረሻ ላይ ቡሬን ለቀቀ። ቀጥሎ ደምበጫ። መጋቢት ሊያልቅ ሲል ደብረ ማርቆስን ለቆ ወደ ዓባይ ወረደ። እንግዲህ ጸደይ የሚብተው መጋቢት 26 ነው ብዬ ነበር። የደብረ ማርቆስ ነፃ መውጣት በዚያው ሰሞን ነው። ለዝግጅታችሁ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ነው። ቀኑ እሑድ ነበር። የዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ፣ ኒቆዲሞስ። በዚያው ዕለት ከደቡብ የመጣው የጄኔራል ከኒንግሃም ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሁለቱ ከተሞች በአንድ እሑድ። ኒቆዲሞስ ሌሊት ወደ ጌታ የመጣው ሰው የሚታሰብበት ዕለት መሆኑን የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ያውቃል። ልጆቹን በቀኑ መዝሙር ቢያስጀምሯቸው ታሪኩ አይጠፋቸውም።

እዚያው ደብረ ማርቆስ ላይ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ለንጉሠ ነገሥቱ ገቡ። እኚህ ሰው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ናቸው። ጎጃምን ለረጅም ዘመን ገዝተዋል። በ1924 ልጅ ኢያሱ ከፍቼ ሲያመልጡ እጃቸው አለበት ተብለው ተሻሩ፣ ታሰሩ፣ ንብረታቸውም ተወሰደ። በምትካቸው ጎጃምን ራስ እምሩ ያዙ። ጣልያን ሲመጣ ራስ ኃይሉ ከጣልያን ጋር ወገኑ። ታዲያ በዚያ ሰሞን አባታቸው በነገሡበት ከተማ ላይ ጌታቸውን ሲለውጡ ምን ተሰማቸው? መዝገብ ይህን አይነግረንም። ግን ክፍል ውስጥ ለውይይት የሚሆን ጥያቄ ነው። ጀግናና ባንዳ ብሎ ለሁለት ከፍሎ ማለፍ ይቀልላል፤ የጎጃም ታሪክ ግን ከዚያ የሰፋ ነው። በ1928 የራስ እምሩ ጎጃሜ ጦር ሽሬ ላይ ሲዋጋ፣ ከኋላ ደጃዝማች ገሠሠ በለው ጎጃም ውስጥ ሸፍተው ነበር። ይህም የታሪኩ አካል ነው።

አሁን ወደ ሚያዝያ ገባን። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ላይ ቆዩ። ለምን? መንገዱ ተከፍቷል፤ አዲስ አበባም ተይዛለች። ያቆያቸው እንግሊዞቹ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሺህ ጣልያን ሲቪል ነበር። ንጉሡ ሲገቡ ሕዝቡ ይበቀላል ብለው ሠጉ። ስለዚህ ይቆዩ ተባሉ። ሆሣዕና ሚያዝያ 5 ዋለ፣ ስቅለት ሚያዝያ 10፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12። ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በአገራቸው መሬት ላይ የዋሉት የመጀመሪያው ፋሲካ ደብረ ማርቆስ ላይ ነው። ይህን ስንት የደብረ ማርቆስ ሰው ያውቃል? ሦስት ሳምንት ያህል የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የተቀመጠባት ከተማ እሷ ነበረች።

ሚያዝያ ሃያ ገደማ ጉዞው ቀጠለ። ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ። ያን ገደል የሚያውቁት ናቸው፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ላይ ብርዱ ያንቀጠቅጣል፣ ታች ሙቀቱ ያፍናል። በሚያዝያ ግን ወንዙ ዝቅ ብሎ ድንጋዩ ይታያል፤ ዳሩ ላይ አሸዋው ወጥቷል። ሁለት ወር ቢዘገይ ኖሮ ሌላ ወንዝ ነው። ከዚያ ማዶ ጎሐ ጽዮን፣ ፍቼ፣ ከዚያ እንጦጦ። ንጉሠ ነገሥቱ እንጦጦ ማርያም ጸሎት አድርሰው ወደ ከተማ ወረዱ። ቀኑ ሚያዝያ 27። ባዶሊዮ አዲስ አበባ የገባበት ልክ አምስተኛ ዓመት። ባደረጉት ንግግርም ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አደራ አሉ።

እዚህ ላይ ተማሪ የሚጠይቀው ነገር አለ፦ «አያቴ የድል በዓል መጋቢት 28 ነበር ይላሉ።» ትክክል ናቸው። ደርግ ሚያዝያ 27ን ትቶ አዲስ አበባ ነፃ የወጣችበትን መጋቢት 28ን የድል ቀን አድርጎ ነበር። ከደርግ በኋላ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። የአዲስ አበባ ሰው በሁለቱ ቀኖች ይከራከር። ለደብረ ማርቆስ ሁለቱም የራሷ ናቸው። በአንዱ ንጉሡን ተቀበለች፣ ለሌላው ሸኘች።

ቀጥሎ የምነግርዎት ከዚህ ሁሉ በፊት የሆነ ነው። ከጦርነት ጋርም ግንኙነት የለውም። ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ። ውኃው ወደ ጣና የሚገባው የዓባይ መነሻ። በፈረንጅ አቆጣጠር አፕሪል 21 ቀን 1618 ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ካህን ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ምንጩን አየ። በእኛ ሚያዝያ 16 ቀን 1610 ዓ.ም. ነው። ያየውንም ጻፈ። ክብ የሆኑ ሁለት የውኃ ዓይኖች፤ ስፋታቸው አራት ስንዝር ያህል። ጥልቀቱን ለማወቅ ጦር አስገብቶ ሞከረ። እነ ቂሮስና እስክንድር ሊያዩት ተመኝተው ያላዩትን በማየቱ መደሰቱንም አልሸሸገም።

ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጥቅምት 1763 እዚያው ቦታ መጣ። የፓኤዝን ምስክርነት ሊቀበለው አልፈለገም፤ ቀዳሚው እኔ ነኝ አለ። የቀዳሚነቱ ጭቅጭቅ አውሮፓ ውስጥ ለረጅም ዘመን ቆየ። ለኛ ልጆች ማስተማር ያለብን ግን ሌላ ነው። ሁለቱም ያገኙት ነገር የለም። የአካባቢው አገውና አማራ ምንጩን ከትውልድ ትውልድ ያውቀዋል፤ ይሳለመዋል፤ ጠበሉን ይጠጣዋል። ፓኤዝን ወደዚያ ያደረሰውም የአገሩ ንጉሥና የአገሩ ሰው ነው። ስለዚህ «ፓኤዝ ዓባይን አገኘ» የሚል ዓረፍተ ነገር በልጆቹ ጽሑፍ ውስጥ ካለ «ፓኤዝ አየ፣ ጻፈም» ብለው ያርሙላቸው። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል። ግሽ ላይ ግን ምንጩም ዓባይ ነው፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ማመስገን ይቻላል። ከተቻለ ልጆቹን ሰከላ ውሰዷቸው። በሚያዝያ ሄዶ ማየት ፓኤዝ ባየበት ወቅት ማየት ነው።

የአፄ ቴዎድሮስ ሞት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ነው። መቅደላ ጎጃም አይደለም፣ ግን ከጎጃም ውጭ ሊነገር አይችልም። ካሣ ኃይሉ (ኋላ አፄ ቴዎድሮስ) ትልቅ ስም ካወጡባቸው ጦርነቶች አንዱ ኅዳር 1845 ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴን ድል ያደረጉበት ነው። ጎሹ እዚያው ወደቁ። ልጃቸው ብሩ ጎሹም በኋላ ተይዘው ለዓመታት ታሰሩ። ጎጃም ግን ለቴዎድሮስ ተገዝቶ አልጠና አለ፤ ተድላ ጓሉ ሸፈቱ፣ ዘመኑን ሙሉ አስቸገሩ። ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያን ያህል ብቻቸውን የቀሩበትን ምክንያት የሚፈልግ ልጅ ግማሹን መልስ ጎጃም ያገኘዋል።

የዚያን ሳምንት አቆጣጠር ግን ሳልነግርዎት አላልፍም። መቅደላ አጠገብ አሮጌ በተባለው ቦታ ጦርነቱ የተደረገው ሚያዝያ 3 ነው፤ ዕለቱ ስቅለት። ሚያዝያ 5 ፋሲካ ነበር። ንጉሡ ለናፒየር ለበዓሉ የሚሆን ከብት ላኩ። ሚያዝያ 6፣ በማዕዶት ሰኞ፣ ራሳቸውን ገደሉ። ያን ዓመት የኛም የፈረንጁም ፋሲካ በአንድ ቀን ውሏል። የፈረንጅ መጻሕፍት «የፋሲካ ማግስት» ሲሉ በኛም ልክ ነው።

ከቴዎድሮስ በኋላ የተሰማ ጎሹ ልጅ አዳል ተነሡ። ጥር 1873 በአፄ ዮሐንስ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆኑ። የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ነው። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ውሉን የሸዋ ጉዳይ አድርጎ ማለፍ ይቻላል፤ ግን ያ ውል ባመጣው ጣጣ አድዋ ላይ የዘመተው የጎጃም ጦር በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሥር ነበር። ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ካስገቡ ይበቃል።

አሁን ቀን ለምን ይዛነፋል የሚለው። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ከገባዎት በኋላ ዕድሜ ልክ አይቸግርዎትም። ዛሬ ሚያዝያ 1 ሁልጊዜ አፕሪል 9 ነው። የጳጉሜ 6 ነገር እዚህ አይነካንም። ያ መዛነፍ መስከረም ላይ ጀምሮ ከየካቲት መጨረሻ በፊት ያበቃል፤ ሚያዝያ ሁልጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። ችግሩ ያለው የዛሬውን ስሌት ወደ ድሮ ዘመን ስንወስደው ነው። ፈረንጆች በ1700፣ በ1800 እና በ1900 (በነሱ ዘመን) ፌብሩዋሪ 29ን ዘለሉ። እኛ አልዘለልንም። ስለዚህ ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር ልዩነቱ ይቀንሳል። ከ1892 ዓ.ም. በፊት ባለው መቶ ዓመት ሚያዝያ 1 የዋለው አፕሪል 8 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው መቶ ዓመት አፕሪል 7። በሱስንዮስ ዘመን አፕሪል 6።

እንሞክረው። ቴዎድሮስ የሞቱት አፕሪል 13 ነው። በዛሬው ስሌት ሚያዝያ 5 ይመጣል፤ ስሕተት ነው። አፕሪል 8ን አንድ ብለው ሲቆጥሩ ሚያዝያ 6 ይሆናል። ውጫሌም እንዲሁ፤ ሜይ 2 በዛሬው ስሌት ሚያዝያ 24 ይሆናል፣ ትክክሉ 25 ነው። ፓኤዝ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ሦስት ቀን ይደርሳል። ኢየሱሳውያኑ በዚያ ዘመን አዲሱን የፈረንጅ አቆጣጠር ይጠቀሙ ስለነበር አፕሪል 6ን ሚያዝያ 1 ብለው ይጀምሩና 16 ላይ ይደርሳሉ። የሞባይል መለወጫ አፕሊኬሽን ስትጠቀሙ መጀመሪያ የቴዎድሮስን ቀን አስገቡበት። ሚያዝያ 6 ካለ እመኑት፤ 5 ካለ ለድሮ ዘመን አትጠቀሙበት። ልጆቹ ይህን ሒሳብ በጣም ይወዱታል። የታሪክ ክፍል ውስጥ ሒሳብ ጎበዝ የሆነው ልጅ ራሱን ከፍ የሚያደርግበት ቀን ይሆናል።

ሚያዝያ ውስጥ በግድ እንዳታስገቡ የምለምንዎት ነገሮች አሉ። በላይ ዘለቀን የማይወድ ጎጃሜ የለም፤ የተሰቀለው ግን ጥር 1937 ነው። በሚያዝያ ስለ አርበኛነቱ ተናገሩ፣ ስለ ሞቱ ጥር ላይ። የመተማ ጦርነት መጋቢት 1 ነው። የሕዳሴው ግድብ መሠረት የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ጉባ ላይ ነው፤ ጉባ ያለችበት መተከል ቀድሞ የጎጃም ክፍለ ሀገር አውራጃ ነበር። ይህም የመጋቢት ነው። የእንባቦ ጦርነት ግንቦት 30 ቀን 1874 ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከዓባይ ማዶ ተዋጉ። ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ክረምቱ ሊገባ አንድ ወር ያህል ሲቀረው የተደረገ ጦርነት ነው፤ ቀደም ብዬ ያልኩትን የክረምት ሩጫ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም። ለግንቦት አቆዩት።

የ1960ው የጎጃም ገበሬ ዓመፅም ለግንቦት ቢቆይ ይሻላል። የአንድ ቀን ታሪክ አይደለም። መንግሥት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። ገበሬው ግብሩን ብቻ አልፈራም፤ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይነጠቅ ፈራ። ሞጣና ቢቸና ቀድመው ተነሡ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሥልጣን ተነሡ፣ የተጠራቀመውም ግብር ተማረ። በጠመንጃ ተነሥቶ ግብር ያስቀረ ገበሬ በዚያ ዘመን ብዙ አልነበረም። ከተማሪዎችዎ መካከል አያቱ በዚያ ጊዜ በረሃ የገቡ ልጅ እንደሚኖር አልጠራጠርም።

ወሩን የሚዘጋላችሁ ደግሞ ሚያዝያ 30 ነው፤ የወንጌላዊው ቅዱስ ማርቆስ በዓል። ከተማዋ ቀድሞ መንቆረር ነበረች። ደብረ ማርቆስ የተባለችው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን በቤተ ክርስቲያኑ ስም ነው። ይህን የሚያውቅ ልጅ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ረጅም ጊዜ አትስጡት። በዚያ ቀን በበዓሉ ላይ የሚሰበሰቡትን ሽማግሌዎች ግን ተጠቀሙባቸው። ልጆቹን ደብተር አስይዛችሁ ላኳቸው።

ሲጠይቁ እንዴት እንደሚጠይቁ አስተምሯቸው። «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብሎ የሚጀምር ልጅ መልስ አያገኝም። «ከፋሲካ በፊት ነበር ወይስ በኋላ? እርሻ ተጀምሮ ነበር? ዓባይ ሞልቶ ነበር? በማን አገረ ገዥነት ዘመን?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ግን ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ያስታውሱለታል። ከዚያ እናንተ ቁጭ ብላችሁ የየዓመቱን ፋሲካ ከባሕረ ሐሳብ (ከቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት) አውጥታችሁ ቀኑን ታገኙታላችሁ። የደብር አለቃ ወይም መሪጌታ በአካባቢያችሁ አይጠፋም፤ በእርሳቸው ፊት ብታሰሉት ልጆቹ ስሌቱንም አብረው ይማራሉ።